ሞተር ለማን ይሰጣል?

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ የጭነት መኪና፣ ደጀንን እንዳለፈ የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ፣ ረጅሙን ዳገት ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በዚያ ዳገት ላይ የሞተር ድካም አይደበቅም። የቆላው ሙቀትና የጭነቱ ክብደት ሲተባበሩበት ውኃው ይፈላል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍም ቴስታው ይጣመማል። በየገጠሩ እህል የሚፈጨው የወፍጮ ሞተርም ቢሆን በሥራ ብዛት መበላቱ አይቀርም። እርሱ በቆመ ጊዜ እናቶች እህሉን ተሸክመው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳሉ።

እንግዲህ የተጎዳ ሞተር ለማን ይሰጥ? ብዙ ሰዎች፣ «ዋጋው የረከሰ፣ ሥራውም ቶሎ የሚደርስ የሞተር ማደሻ ቤት ይሻላል» ይላሉ። ሐሳባቸው ከንቱ አይደለም፤ መኪናም ሆነ ወፍጮ ቆሞ በዋለ ቁጥር ገቢ ይቋረጣል። እኔ ግን ከዋጋና ከፍጥነት አስቀድሞ መታየት ያለበት የባለሙያው ታማኝነት ነው እላለሁ።

ምክንያቴም የሥራው ጠባይ ነው። የተበላ ሲሊንደር ሲታደስ፣ ብዙ ጊዜ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋና ለዚያ ልክ የተሠራ ፒስተንና ፋሻ ይገጠምለታል። በሁለቱ መካከል የሚተወው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጠር ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ከጠበበ ደግሞ ፒስተኑ በሙቀት ሲያብጥ ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ልዩነት መለኪያ እንጂ ዓይን አያየውም። አንድ ጊዜ የተፋቀ ብረትም ተመልሶ አይሞላም። ሞተሩ ከተዘጋ በኋላ ባለንብረቱ የሚተማመነው በሠሪው ኅሊና ብቻ ነው።

ታማኝ የሞተር ማደሻ ቤት ግን ምልክት አለው። አንደኛ፣ ከመፋቁ በፊት ይለካል፤ ልኩንም ጽፎ ለባለንብረቱ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ያወጣውን አሮጌ ዕቃ ይመልሳል። ሦስተኛ፣ ቴስታው ከእንግዲህ መላግን የማይችል ሲሆን፣ ገንዘቡን ሳይመኝ «ይህ አይሆንም» ይላል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ይህ ሦስተኛው ይመስለኛል፤ ሊቀበለው የሚችለውን ገንዘብ ስለ እውነት ሲል የሚመልስ ሰው፣ በማይታየውም ሥራ አያታልልምና።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በችኮላና በርካሽ የታደሰ ሞተር በዓባይ በረሃ መካከል ሲቆም፣ ተረፈ የተባለው ገንዘብ ለሚጎትተው መኪና ይከፈላል። ዛሬ በዚህ ክፍል ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ነገ መለኪያውን የሚይዙ ይኖራሉ። ባለንብረቱ በማያይበት ሰዓት በትክክል የሚለኩ ከሆነ፣ ደንበኛ የሚያጡ አይመስለኝም።