መጽሐፉ ላይ ያለው ፎቶ ጌጥ አይደለም

በአገራችን የኅብረተሰብ ትምህርት ክፍል ውስጥ ፎቶግራፍ የገጽ መሙያ ነው። መምህሩ ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ኖት ያስገለብጣል፣ ፎቶው ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ገልጦት ያልፋል። ከሥሩ አንድ መስመር አለች፤ የንጉሡን ወይም የጦርነቱን ስም ትናገርና ታበቃለች። ማን አነሳው? መቼ? ለማን ብሎ? ስለዚህ አንድም ቃል የለም። ተማሪውም አይጠይቅም፤ ፈተና ላይ አይመጣማ! ይህ ቸልተኝነት ያናድደኛል፤ ከንዴቱም በላይ ያስፈራኛል። በፎቶና በፊልም መንግሥት ሲወርድ ያየች አገር ልጆቿን ምስል መመርመር ሳታስተምር ስታሳድግ እንዴት አያስፈራ?

ልጅ ኢያሱን እናንሳ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። ከዚህ ክስ ጋር አብሮ የሚነሳ፣ ጥምጥም አድርገው የሚታዩበት ፎቶግራፍ አለ። ፎቶው እውነተኛ ነው ወይስ ተቀነባብሮ የተሠራ? ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ምን ርዕስ ይገኛል? እውነተኛ ነው እንበል። ጥምጥም የሰውን እምነት ያስረዳል? ወደ ሐረርና ወደ ኦጋዴን እየወረደ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ወዳጅነት የሚመሠርት ገዥ የአገሬውን ልብስ ቢለብስ ሃይማኖት ነው ወይስ ፖለቲካ? ፎቶው መሰራጨቱስ ማንን ጠቀመ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ መማር ጀምሯል። «ልጅ ኢያሱ በስንት ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» የሚባለው ልጅ ግን ቁጥር እያጠና ነው።

ስልሳ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ መጣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ምሽት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበትን ፊልም አሳየ። ነገር ግን ጋዜጠኛው እንደሠራው አልነበረም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ጃንሆይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል ገብቶበታል። በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። ረሃቡ እውነት ነው፤ ሕዝብ አልቋል፣ መንግሥትም ደብቆታል። ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱን ቆርጦ ጎን ለጎን የቀጠላቸው እጅ ግን በማግስቱ የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ይህን መጠየቅ ለጃንሆይ ጥብቅና መቆም አይደለም። አብዮቱን በፈተና ወረቀት ላይ የሚያውቁ ልጆቻችን በካሜራ የተቀረጸውን በመቀስ ከተቀጠለው ለይተው እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። መብታቸው ነው።

መምህር ነኝ፤ የምለውን ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር የተነሳውን ፎቶ አሳትሜ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይዤ ገባሁ። ማንም እንዳይናገር፣ ማንም እንዳይጽፍ፣ ዝም ብለው እንዲያዩ ብቻ ነገርኳቸው። ያልለመዱት ነገር ስለሆነ ወንበሩ ሲንቋቋ ቆየ። ከዚያ ተራ በተራ ያዩትን ጠየቅሁ። «ያዘነ ልጅ» አለ አንዱ። «ኀዘኑን የት አየኸው?» አልኩት። ዓይኑን አሳየኝ፣ ቆይቶ ደግሞ ከንፈሩን። ሌላው ልብሱን፣ የአንገቱን ጌጥ ተናገረ። ኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እንግሊዝ አገር እያለ የሐበሻ ልብስ ማን አለበሰው?» አለችኝ።

የምጠብቀው ጥያቄ ይህ ነበር። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞቱ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ተሻግሮ የዋይት ደሴት ገባ፤ ከመቅደላ ሦስት ወር ገደማ በኋላ በዘመኑ ስሟ የገነነው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራዋ ፊት አስቀመጠችው። አብሮት የሚታይበት ሌላ ፎቶ ውስጥ ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ፣ ያ አማርኛ የሚናገረው እንግሊዛዊ መኮንን፣ እሱም የሐበሻ ልብስ ለብሶ ቀርቧል። እናትና አባቱን በአንድ ጸደይ ያጣ ሕፃን ለባዕድ ዓይን እንዲያምር ተሰናድቶ ተቀመጠ። ካሜሮን ፎቶዎቿን ለገበያ የምታቀርብ ሴት ነበረች። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፤ በ2015 ዓ.ም. አጽሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እምቢ አለ። ይህን ሁሉ ኖት አድርጌ ባስገለብጣቸው በሳምንቱ ይረሱት ነበር። ያቺ ልጅ ግን ልብሱን ራሷ አይታ ስለጠየቀች አትረሳውም።

«የተማሪው ብዛት፣ የመጽሐፉ እጥረት፣ ፕሮጀክተር የለም» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። የክፍሉን መጨናነቅ አውቀዋለሁ፤ እኔም እዚያው ነኝ። ግን ፎቶ ያጣ ቤት የት አለ? ልጆቹ ከቤታቸው አንድ አንድ የድሮ ፎቶ፣ ቤተሰብ አስፈቅደው፣ እንዲያመጡ ንገሯቸው። ከአያት አልበም ውስጥ የሚወጣውን ታዩታላችሁ፤ ጠርዙ የተጥመለመለ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ከኋላ መጋረጃ ላይ የተሳለ አበባና ደረጃ፣ ፀጉሯን አፍሮ ያበጠረች ወጣት፣ ጆሮዋ ላይ የስልክ እጀታ። ስልኩ የማን ነው? የፎቶ ቤቱ ነው። ሽቦው የት ይሄዳል? የትም። ታዲያ ለምን ያዘችው? እዚህ ላይ ስለ ከተማ፣ ስለ ዘመናዊነት ምኞት፣ ስልክ የማን ቤት እንደሚገባና የማን ቤት እንደማይገባ ንግግር ይጀመራል። ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ አያቱን «እማማ፣ ይህን ፎቶ የትኛው ፎቶ ቤት ተነሳሽ? ልብሱስ የራስሽ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ የሚወጣ በጀት የለም። ፕሮጀክተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መምህሩ ለአንድ ሰዓት ጠመኔውን ማስቀመጡ ነው።

ይህን ባለማድረጋችን የከፈልነውን ደግሞ አይተናል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከሌላ አገር ጦርነት የተወሰደ ፎቶ አማርኛ ተጽፎበት ስንቱን አስለቀሰ፣ ስንቱን ለበቀል አነሳሳ! ያጋሩት ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች አልነበሩም። ባለ ዲግሪዎች፣ እኛው ያስተማርናቸው፣ ከፎቶው ይልቅ ከሥሩ የተጻፈውን አመኑ። ክፍል ውስጥ ያስለመድናቸውም ይህንኑ ነበር፤ ጽሑፉን አንብብ፣ ምስሉን እለፍ። ዛሬ ማንም በስልኩ ያልነበረ ሰው፣ ያልነበረ ሰልፍ፣ ያልነበረ ሬሳ መሥራት ይችላል፤ እኛ ግን ገና ኖት እናስገለብጣለን።

ሁሉንም ተጠራጠሩ እያልኩ አይደለም። «ፎቶ ሁሉ ውሸት ነው» የሚል ልጅ ሁሉን ከሚያምነው አይሻልም፤ ምናልባትም ይብሳል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነውን የፋሺስት ጭፍጨፋ የሚክድ ሰው ፊቱ ላይ የምናስቀምጠው ፎቶ አለን። የፋሺስት ወታደሮች የገደሉትን ሰው ከፊታቸው አድርገው፣ የቆረጡትን ራስ ይዘው የተነሷቸው ፎቶዎች ከጣሊያን ወረራ ተርፈዋል። ለማስታወሻ ብለው ነው የተነሱት። ዛሬ የምንከሳቸው በዚያው በገዛ ማስታወሻቸው ነው። ያነሳው ሰው ሐሳብ አንድ ነገር ነው፣ ፎቶው የሚመሰክረው ሌላ። ይህን መለየት የሚማሩት የት ነው? ቲክቶክ ላይ? ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ የዚያን ጦርነት ፎቶዎች እየሰበሰበች «ፕሮጀክት 3541» ብላ አኑራልናለች። ሪቻርድ ፓንክረስት ከዴኒስ ጄራርድ ጋር ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የተነሱትን የአገራችንን ፎቶዎች አንድ ትልቅ መጽሐፍ አድርገው ካሳተሙ ቆይቷል። ማስረጃው ተሰብስቧል፤ የቀረው ተማሪው እጅ መድረስ ነው።

ስለዚህ ለመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች የምለው አለኝ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ያነሳውን ሰው፣ ዓመቱንና ቦታውን ጻፉ፤ የማይታወቅ ከሆነም «አይታወቅም» በሉ። ፈተና የምታወጡ ደግሞ፣ ልቡን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። መምህሩ የሚያስተምረው እናንተ የምትጠይቁትን ነው፣ ተማሪውም የሚያጠናው እሱኑ። በሚቀጥለው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ አንድ ፎቶግራፍ አውጡና ከሥሩ «ምን ታያለህ? ከምን አወቅህ? ምን ይጎድለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጥያቄ ብቻ። በዓመቱ በየክፍሉ ፎቶ መመርመር ይጀመራል።