«ተጠባባቂ ነዎት» ከሚለው ደብዳቤ በኋላ

በጎረቤላና በአንኮበር ዙሪያ ባሉት ደጋማ አካባቢዎች የበልግ ዝናብ በዋናነት የሚጠበቀው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ገብሱን በበልግ የሚዘራ ገበሬ ዝናቡ በጊዜው ይምጣ፣ ይዘግይ ወይስ ጨርሶ ይቅር አያውቅም። በሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሥነ ልቡና የዶክትሬት ትምህርት ለመከታተል ያመለከተ ወጣትም በእነዚሁ ወራት ኢሜይሉን ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል። መልሱ «ተቀብለንሃል» ወይም «አልተቀበልንህም» ቢሆን ቁርጥ ነው፤ «በተጠባባቂዎች መዝገብ ላይ ነህ» የሚለው ግን፣ በእኛ እምነት፣ ከእምቢታም የከበደ ነው።

ይህን ስንል እያጋነንን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ 45 ሰዎች በኮምፒውተር መስኮት ላይ ከሚታዩ ድንጋዮች ሥር እባብ ይኑር አይኑር እንዲገምቱ ተደረገ። እባብ በተገኘ ቁጥር እጃቸውን የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይነካቸዋል። በላባቸውና በዓይናቸው ብሌን ስፋት የተለካው ጭንቀት ከሁሉ የከፋው ንዝረቱ እንደሚመጣ እርግጠኛ በሆኑበት ጊዜ ሳይሆን ዕድሉ 50 በመቶ በሆነበት ጊዜ ነበር። ተጠባባቂው እንቅልፍ ቢያጣ ታዲያ ደካማ ሆኖ አይደለም።

አሠራሩን ማወቅ ጥቂት ያሳርፋል። በብዙ የሥነ ልቡና ትምህርት ክፍሎች፣ በተለይ በክሊኒካል ሥነ ልቡና ዘርፍ፣ አንድ መምህር በዓመት የሚቀበለው አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ነው። ስለዚህ ወረፋው እንደ ወፍጮ ቤት ተራ በተራ አይሄድም፤ ቦታ የተለቀቀው በየትኛው መምህር ዘንድ ነው የሚለው ይወስነዋል። ከዚህም ሌላ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት ደንብ፣ የገንዘብ ድጋፍ ያለው ግብዣ የደረሰው ተመራጭ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ እንዲያስብበት ጊዜ ይሰጠዋል። ብዙው ነገር የሚንቀሳቀሰው በመጨረሻዎቹ ቀናት በመሆኑ የመጋቢት ዝምታ እምቢታ አይደለም።

«አታስብበት» የሚለው የወዳጆች ምክር ግን ብዙም አይረዳም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ የሥነ ልቡና ተመራማሪዋ ኬት ስዊኒና ባልደረቦቿ የጥብቅና ፈተና ውጤት አራት ወር የሚጠብቁ ምሩቃንን ተከታትለው ነበር። ጭንቀትን ለማቃለል የተሞከሩት ዘዴዎች እምብዛም አልሠሩም። ይልቁንም በጥበቃው ወቅት የተጨነቁት ክፉ ዜናውን ተቀብለው ወደ ሥራ ለመግባት የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ መልካሙ ዜና ሲመጣም ደስታቸው የላቀ ነበር። ኋላ በወጣው ሌላ ጥናታቸው ደግሞ ሙሉ ሐሳብን በሚወስድ ሥራ መጠመድ ጥበቃውን እንደሚያቀል አሳይተዋል።

የበልግ ገበሬም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሰማዩን እያየ ማሳውን ያርሳል፣ በልጉ ቢቀር ለመኸር ያስባል። አመልካቹም ትራንስክሪፕቱንና ፓስፖርቱን ከአሁኑ ያሰናዳ፤ በሚያዝያ ተጠርቶ እስከ ነሐሴ የቪዛ ቀጠሮ ማግኘት ቀላል አይደለምና። ለመምህሩም አጭርና ትሑት ደብዳቤ ጽፎ ፍላጎቱ እንዳለ ይግለጽ፣ ተራውንም ይጠይቅ። ተራውን መጠየቅ በእኛ ዘንድ እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ እኛ ግን ሳይጠየቁ መንገር የነበረባቸው ትምህርት ክፍሎቹ ናቸው እንላለን። ሁለት ግብዣ በእጁ የያዘም የማይሄድበትን ዛሬውኑ ይልቀቅ፤ በዚያ መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሮ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለና።