እንጻፍ፦ ቁጥሩን ለማንም አንናገር

ዛሬ አብረን የምንጽፈው ማስጠንቀቂያ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘቡን በስልክ ይልካል፤ በስልክ ይቀበላል። ሌባውም ገንዘቡን ተከትሎ ወደ ስልክ መጣ።

በምናስተምርበት ቀበሌ ለአንዲት እናት ስልክ ተደወለላቸው።

«እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ሽልማት ደርሶዎታል። አሁን በመልእክት የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ። ቶሎ ይበሉ!»

እማማ ቁጥር ያውቃሉና አነበቡለት። ቀጥሎ የምስጢር ቁጥራቸውን ጠየቃቸው። ነገሩት። በግ የሸጡበት ብር በዚያው ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌባው በራሱ ስልክ የእማማን ሂሳብ ሊከፍት ሞከረ። ባለቤቷ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ቁጥሩ ወደ እሳቸው ስልክ ተላከ። ያ ቁጥር የቤት ቁልፍ ማለት ነው። ከቁጥሩ በታች «ለማንም አይንገሩ» የሚል ቃል ነበረ። እማማ ግን ያን ጊዜ ፊደል ገና መጀመራቸው ነበር።

አፍረው ዝም አሉ። በሳምንቱ ጎረቤታቸው በዚያው ዘዴ ተዘረፈ። «ተናግሬ ቢሆን እሱ ይተርፍ ነበር» ብለው አለቀሱ።

እኛ አስተማሪዎቹ ማስጠንቀቂያ ጻፍን። «የዲጂታል ደህንነት ግንዛቤ» ብለን ጀመርን። አንድ ገጽ ሙሉ ሆነ። ወፍጮ ቤት በር ላይ ለጠፍነው። ሰው ሁሉ አየት አድርጎ አለፈ። እማማም «ልጆቼ፣ ይሄ ለማን ነው? ሌባው ያለኝን ጻፉ እንጂ!» አሉን። እሳቸው ተናገሩ፤ ክፍሉ ጻፈ፦

«ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ይደውላል።
«የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል።
ሌባ ነው! አታንብቡለት። ስልኩን ዝጉ።
የምስጢር ቁጥራችሁንም ለማንም አትንገሩ።
ከእኛው ቀበሌ ሁለት ሰው ተዘርፏል።

ይህን ሰው ቆሞ አነበበው። ወጣቶችም በቴሌግራም ለዘመዶቻቸው ላኩት።

ለምን ተነበበ?

1. በሌባው ቃል ይጀምራል። ስልኩ ሲጮህ ያ ቃል ትዝ ይላል።
2. አጭር ነው። ምን እንደምናደርግም ይነግረናል።
3. የተዘረፈውን አይሰድብም፤ ስሙንም አያወጣም። «ሞኙ ተታለለ» ብንል ኖሮ ነገ የሚዘረፈው ደብቆ ይቀር ነበር። ዝምታ ደግሞ ለሌባ ይመቻል።

የዚህ ሳምንት ሥራ፦ በአካባቢያችሁ የሰማችሁትን አንድ የስልክ ማታለያ በአምስት መስመር ጻፉ። ሰው በሚበዛበት ቦታ ለጥፉት። ገንዘብ የተወሰደበት ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ለአገልግሎት ሰጪው ይደውል፤ ለፖሊስም ያመልክት።

አደራ፣ ማንበብ የቻላችሁ ላልቻለው አንብቡለት። ደህና ሰንብቱ።