የሰጠመ መርከብ ከመውጣቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው

በስቶክሆልም ዙሪያ በሚገኘው ባሕር የሰጠመን ጥንታዊ መርከብ ማንም ጠላቂ እንዳሻው ሊነካው አይችልም። የስዊድን የቅርስ ሕግ ከ1850 እ.ኤ.አ. በፊት እንደ ሰጠመ የሚታመንን መርከብ በጥንታዊ ቅርስነት ይጠብቀዋል፤ ሊያነሣው የሚሻ ሁሉ የአውራጃውን አስተዳደር ቦርድ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ሥራው የባሕሩን ወለል የሚያናውጥ ከሆነ ደግሞ ከ1999 ጀምሮ የሚሠራበት የአካባቢ ሕግ የራሱን ጥያቄ ያነሣል፦ ደለሉ ምን ይዟል? ሲታወክስ ወዴት ይሄዳል? ለቸኮለ ሰው ይህ ሁሉ የቢሮ ምልልስ ይመስለዋል። ይሁንና ምርመራው ከዚህም አርቆ ሊያይ ይገባል።

ለዚህ ከቫሳ የተሻለ ምስክር የለም። ይህች የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ ሰጠመች፤ የወጣችው ኤፕሪል 24 ቀን 1961 ነው። የባልቲክ ባሕር ጨው አነስተኛ በመሆኑ እንጨት የሚቦረቡረው የባሕር ትል አልደረሰባትም። ሌላም ጠባቂ ነበራት፤ እርሱም የከተማዪቱ ቆሻሻ ነው። ስቶክሆልም ፍሳሿን ለረጅም ዘመን ወደ ባሕሩ ትለቅ ስለነበር ከሥር ያለው ውኃ ኦክስጅን አጥቶ ነበር። እንጨት አብስባሾቹ ተሕዋስያን በዚያ ሊበረቱ አልቻሉም፤ በአንጻሩ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት፣ ድኝ ያዘለ ጋዝ ያመነጩ ነበር። ድኙም ወደ እንጨቱ ሰረገ።

መርከቧ በውኃ ውስጥ ሳለች ይህ ድኝ አልጎዳትም። አየር ሲያገኘው ግን ከዛጉት ብሎኖች በወጣው ብረት እየታገዘ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ መለወጥ ጀመረ። ከ1962 ጀምሮ ለ17 ዓመታት እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ሲረጭባት ቆይቶ ነበር፤ አሲዱን ግን ያ አላስቀረውም። በ2002 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በመርከቧ ውስጥ ያለው ድኝ ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ እስከ 5,000 ኪሎ ግራም አሲድ ሊወጣው እንደሚችል አስልቷል። ከዚያ ወዲህ ከ5,000 የሚበልጡ ብሎኖች በማይዝጉ ተተክተዋል። ቫሳን ያወጧት ሰዎች ሥራ ድንቅ መሆኑን ማንም አይክደውም። ዛሬ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ግን የማውጫውን ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለውን መቶ ዓመት፣ ወጪውንም ማን እንደሚሸከም፣ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የብረት መርከቦች ጉዳይ ፈጽሞ ሌላ ነው። በስዊድን ዳርቻዎች ለአካባቢ አደገኛ ናቸው ተብለው ከተለዩት 300 ያህል የሰጠሙ መርከቦች ሠላሳ ያህሉ አስቸኳይ ሥጋት የደቀኑ ናቸው። በሆዳቸው ነዳጅ አለ፤ ዝገት ደግሞ ፈቃድ አይጠብቅም። ስለዚህ «ባለበት ይቆይ» የሚለው ውሳኔም እንደ «ይውጣ» ሁሉ በጉዳቱ ሊመዘን ይገባል። መርከቡ ሳይነሣ ነዳጁን ብቻ መቅዳት ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ይሻላል።

ነገሩ ለቀይ ባሕር ጎረቤቶች እንግዳ አይደለም። ጣልያኖች በ1941 በምጽዋ ወደብ ሆን ብለው ያሰጠሟቸውን መርከቦች አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልስበርግ በ1942 በጦርነት ጥድፊያ ማውጣት ጀመረ፤ ያኔ ስለ ደለሉ ማን ይጠይቅ! በ2023 በየመን ዳርቻ ሴፈር ከተባለው ያረጀ መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ ወደ ሌላ መርከብ የተዛወረው በተባበሩት መንግሥታት መሪነት፣ ከዓመታት ጉትጎታ በኋላ ነው።

በኦክቶበር 2022 በስቶክሆልም አቅራቢያ፣ በቫክስሆልም ውኃ ውስጥ፣ የቫሳ እኅት የሆነችው ኤፕሌት መገኘቷ ተነገረ። በ1629 ወደ ውኃ የወረደችው ይህች መርከብ በ1659 ሆን ተብሎ እንድትሰጥም ተደርጋ ነበር። ተመራማሪዎቹ የእንጨት ናሙና ወስደው ዛፉ በ1627 እንደ ተቆረጠ አረጋገጡ፤ መርከቧን ግን ባለችበት ተዉአት።