የቻይናው የወላጆች ስብሰባ ማንበብ ለማይችል ወላጅም ቦታ ይስጥ

ልጁን በቻይና የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስገባ የውጭ አገር ቤተሰብ ከምዝገባው ውጣ ውረድ ይልቅ የሚከብደው የወላጆች ስብሰባ ነው። በየመንፈቀ ዓመቱ አንዴ ወይም ሁለቴ ወላጆች ይጠሩና እያንዳንዱ በልጁ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ይናገራሉ፤ የቋንቋና የሒሳብ መምህራን ይከተላሉ። ስለ ልጁ ለብቻው እንዲነገረው ጠብቆ የመጣ ወላጅ የሚሰማው ክፍሉን በሙሉ የሚመለከት መመሪያ ነው፤ ንባብ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚለመድ፣ ልጆች በስንት ሰዓት መተኛት እንዳለባቸው፣ ስልክ ምን ያህል እንደሚፈቀድላቸው። ብዙ የውጭ ሰዎች በዚህ ይከፋሉ፤ ትምህርት ቤቱ ፊት የነሳቸው ይመስላቸዋል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ስብሰባው ወላጅን የሥራው ተካፋይ አድርጎ ይቆጥራል፤ ይህም ክብር ነው። ችግሩ ያ ተካፋይ ቻይንኛ እንደሚያነብ፣ ትምህርቱን እንደሚያውቅና ማታ ማታ ጊዜ እንደሚኖረው ሳይጠይቅ ገምቶ መነሣቱ ነው።

ሸክሙ የከበደው በባዕዳን ላይ ብቻ አይደለም። ከስብሰባው በኋላ ትእዛዙ ዊቻት በተባለው የስልክ መልእክት መተግበሪያ በወላጆች ቡድን በኩል ይቀጥላል፤ የቤት ሥራ ማረምም በአንድ ወቅት የወላጅ ግዴታ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የጂያንግሱ ክፍለ ሀገር አባት ከወላጆች ቡድን እንደሚወጣ በቪዲዮ ሲናገር አገር ያነጋገረው ብዙዎች የራሳቸውን ምሬት ስላገኙበት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መንግሥት ያወጣው መመሪያም የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በጽሑፍ የሚሠራ የቤት ሥራ እንዳይሰጣቸው፣ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉትም ከ60 ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ወላጆችም እንዲያርሙ እንዳይጠየቁ ከለከለ። መንግሥት ራሱ ሸክሙን አምኗል ማለት ነው። ከቻይናውያን ራሳቸው መካከልም እናት አባታቸው ለፋብሪካ ሥራ ወደ ከተማ ሄደው ገጠር ከአያቶቻቸው ጋር የሚያድጉ ልጆች ብዙ ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ አያትና በይዉ ከተማ የሚነግድ አፍሪካዊ አባት በዚያ ስብሰባ ላይ የሚገጥማቸው ችግር አንድ ነው።

አሠራሩ ውጤታማ ስለሆነ አይነካ የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና ቤጂንግ፣ ሻንግሃይ፣ ጂያንግሱና ዠጂያንግ በአንድ ላይ ተመዝነው በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ አንደኛ ወጥተዋል። ይሁንና እነዚህ ከአገሪቱ የበለጸጉ አካባቢዎች መካከል ናቸው፤ ቤቱ የሚያግዘው ስለሌለው ልጅ ውጤታቸው ብዙም አይነግረንም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ የአንድ ክፍል ተማሪ ከ45 እንዳይበልጥ ቢወሰንም ብዙ ክፍሎች ከዚያ ይበልጣሉ፤ መምህር እያንዳንዱን ወላጅ ለብቻው ማነጋገር ከየት ያመጣል? እውነት ነው፤ ስለዚህም ያን አልጠይቅም። የምጠይቀው ንግግሩ ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ እንዲላክ ነው፤ ዊቻት ራሱ መተርጎሚያ አለው፣ ለመምህሩም ብዙ ድካም አይጨምርም። እንግዳው ቋንቋውን ይማር የሚለውም ትክክል ነው፤ ግን ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ 1,600 ያህል የቻይንኛ ፊደሎችን መለየት ይጠበቅበታል። የልጁ ትምህርት አባቱ ቋንቋውን እስኪለምድ አይቆምም።

ከጓንግዡና ከይዉ ጋር ለሚነግዱና ልጆቻቸውን እዚያ ለሚያስተምሩ ወገኖቻችን የምለው ይህ ነው፤ ምንም አልሰማም ብላችሁ ከስብሰባው አትቅሩ። ጽሑፉ ቀድሞ እንዲላክላችሁ ጠይቁ፤ በመጨረሻም ወደ መምህሩ ቀርባችሁ ልጃችሁ የት ላይ እንደደከመ አንድ ጥያቄ አቅርቡ። ትምህርት ቤቶቹም ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት አይቁጠሩት፤ የሚጠይቅ ወላጅ የጠሩት ራሳቸው ናቸው።