የተጨማደደው ውሻ ታሟልን?

ባለፈው ኅዳር ተማሪዎቻችንን ለመስክ ትምህርት ይዘን ወደ ፎገራ ሜዳ ወርደን ነበር። ሥራችን ከሩዝ ማሳ የውሃና የአፈር ናሙና መሰብሰብ ነበርና ከውሻ ጋር የሚያገናኘን አንዳች ጉዳይ አልነበረም። ከወረታ አቅራቢያ በቁሐር ሚካኤል ከአንድ የሩዝ ክምር ጥግ አረፍ እንዳልን ግን አንደኛው ተማሪ በስልኩ ያስቀመጠውን የአንድ ቻይናዊ ውሻ ፎቶግራፍ ለባለ ክምሩ አዛውንት አሳያቸው። ውሻው ሻር ፔይ የሚባለው፣ ከግንባሩ እስከ ጅራቱ ሥር በቆዳ እጥፋት የተሸፈነው ዝርያ ነው። አዛውንቱ ስልኩን ከዐይናቸው አራቅ አድርገው ተመለከቱና፣ «ምነው ልጄ፣ የታላቁን ቆዳ አለበሳችሁት?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ «ታሟል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ተማሪውም፣ «ኧረ አልታመመም አባባ፣ ዘሩ ነው» ሲል መለሰላቸው።

እኔ በበኩሌ የተማሪው መልስ ጎዶሎ ነው፣ የአዛውንቱ ጥያቄ ግን ተገቢ የሳይንስ ጥያቄ ነው እላለሁ።

ሻር ፔይ ማለት በቻይንኛ «የአሸዋ ቆዳ» ማለት ሲሆን፣ ስያሜው ሲዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከሚሻክረው አጭር ጸጉሩ የመጣ ነው። መገኛው ደቡብ ቻይና፣ የጓንግዶንግ ግዛት ነው። በዚያ የገበሬ ውሻ ነበር፤ ቤት ይጠብቃል፣ ያድናል፣ አንዳንዴም ለውሻ ግጥሚያ ይቀርባል። የላላው ቆዳውም በግጥሚያ ጊዜ ይጠቅመው እንደነበር ይነገራል፤ ባላጋራው ቆዳውን ነክሶ ቢይዘው እንኳ በቆዳው ውስጥ ዞሮ መልሶ ሊነክስ ይችላልና። ከ1949 እ.ኤ.አ. የቻይና አብዮት በኋላ ዝርያው እየተመናመነ ሄዶ ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ማትጎ ሎ የተባሉ የሆንግ ኮንግ የውሻ አርቢ አሜሪካውያን እንዲታደጉት ጥሪ አቀረቡ። ጥሪው ሰሚ አገኘ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኬነል ክለብ ለዝርያው ሙሉ ዕውቅና ሰጠው።

ዝርያው ግን ከጥፋት ሲድን መልኩ እንደ ነበረ አልቆየም። የጥንቱ የገበሬ ውሻ ጥቂት እጥፋት ያለው፣ ፊቱ ጠበብ ያለ እንስሳ ነበር። በምዕራቡ ዓለም ገዢዎችን የማረከው እጥፋቱ ስለ ነበር፣ አርቢዎች ይበልጥ የተጨማደደውን ከይበልጥ ከተጨማደደው ጋር እያዳቀሉ ሄዱ።

ይህ ሁሉ ቆዳ ከየት መጣ? ምስጢሩ ሃያሉሮናን የሚባለው፣ በእኛም ቆዳ፣ መገጣጠሚያና ዐይን ውስጥ የሚገኘው ዝልግልግ ሞለኪውል ነው። በሻር ፔይ ቆዳ ውስጥ ይህ ሞለኪውል ከመጠን በላይ ይመረታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሞለኪውሉን የሚያሠራው ኤች.ኤ.ኤስ. 2 የተባለው ዘረ መል አጠገብ ከ16,000 በላይ የዲኤንኤ ፊደላት ያሉት አንድ ቁራጭ በእነዚህ ውሾች ላይ ተደጋግሞ ተጽፏል። ነገሩ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው፤ የዚህ ድግግሞሽ ቅጂ በበዛ ቁጥር ውሻው የሻር ፔይ ትኩሳት ለሚባለው ሕመም ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል። ሃያሉሮናን ሲሰባበር ስብርባሪው የሰውነትን መከላከያ እንደ አደጋ ደወል ይቀሰቅሰዋል ተብሎ ይታመናል። ውሻው አንዳች ተውሳክ ሳይገባበት በየጊዜው ያተኩሰዋል፤ የኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ያብጣል። በአንዳንዶቹም ላይ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን በኩላሊት ውስጥ እየተጠራቀመ ለሞት ያደርሳቸዋል። የዐይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍም ጸጉሩ የዐይኑን ገጽ ይፍቀዋል። በክልላችን ትራኮማ የሚያስከትለውን የቆብ መቀልበስ ያየ ሰው ይህ ምን ዓይነት ሥቃይ እንደ ሆነ ለመገመት አይቸገርም።

እንግዲህ አዛውንቱ በአንድ ፎቶግራፍ ብቻ የጠረጠሩት ነገር ለሳይንስ የብዙ ዓመት ሥራ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ያው ሞለኪውል በገዛ አገራችን ሌላ ታሪክ አለው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ ምድር ውስጥ የሚኖረው ራቁት ፍልፈልም ቆዳው የተጨማደደ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የዚህ ፍልፈል ሃያሉሮናን ከሰውና ከአይጥ ከአምስት እጥፍ በላይ የሚረዝም መሆኑን፣ እንስሳውንም ከካንሰር ለመጠበቅ እንደሚያግዘው አሳይቷል። ፍልፈሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይኖራል። የእርሱን ቆዳ ተፈጥሮ በረጅም ዘመን እየፈተነች አበጀችው፤ የውሻውን ግን እኛ ሰዎች በጥቂት ዐሠርተ ዓመታት ለዐይናችን ስንል አበዛነው።

ወደ ጠባዩ ስንመጣ፣ ሻር ፔይ ዝምተኛ፣ ኩሩ፣ ከእንግዳ ሰው የሚርቅ፣ ለባለቤቱ ግን ታማኝ ነው ይባላል። ይህ በጥቅሉ ሐሰት አይደለም። ሆኖም በ2022 እ.ኤ.አ. ከ18,000 በላይ ውሾችን የሸፈነ ጥናት ይፋ ሆኖ፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደ ሆነ ገልጿል። የቀረው ከየውሻው የግል ተፈጥሮ፣ ከአስተዳደጉና ከኑሮው የሚመጣ ነው። ስለዚህ «የእገሌ ዘር ቁጡ ነው፣ የእገሌ ዘር ገር ነው» እያሉ ቡችላ መግዛት በአብዛኛው መልክ መግዛት ነው። እንዲያውም የሻር ፔይ ግንባር በእጥፋት ስለ ተሸፈነ፣ ጆሮውም ትንሽ ስለ ሆነ፣ ውሾች አሳባቸውን የሚገልጡበት ፊት ለሌላው ውሻም ለሰውም በቀላሉ የሚነበብ አይመስለኝም።

የፎገራ ገበሬ ዘር መምረጥን ከማንም አይማርም። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬው፣ ቀንደ አጭሩ የፎገራ ከብት ለዚህ ምስክር ነው። ይህ ከብት በገርነቱ የታወቀ፣ በውሃ በተኛው መሬት ላይ የሚያርስ፣ ከአገር በቀል ዝርያዎች መካከልም ጥሩ የሚታለብ ነው። ቡራቡሬው መልክ ለገበሬው ጌጥ ነው፤ ነገር ግን በሬው ጭቃ ውስጥ ካልሳበ መልኩ ብቻውን አያኖረውም። ዛሬ የግጦሹ መሬት ለሩዝ ስለ ተለቀቀና ከሌላ ዝርያ ጋር መደባለቁ ስለ በዛ ንጹሑን ፎገራ ማግኘት እየከበደ ሄዷል፤ የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማእከልም ዝርያውን ለማቆየት መንጋ ይዞ ይሠራል። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ጉዳይ ስለ ሆነ እዚህ አላስረዝመውም።

የአዛውንቱ ውሻ በዚያን ጊዜ ከክምሩ ሥር ተኝቶ ነበር። ቀላ ያለ፣ ጆሮው የቆመ፣ በተለምዶ «ዘር የሌለው» የምንለው ዓይነት ነው። «ይኸኛው ማንን እንደሚነክስ ያውቃል። ቀን ጎረቤት ሲያልፍ ቀና ብሎም አያይ፤ ሌሊት ጅብ ከመጣ ግን መንደሩን ያስነሣል» አሉ። በዓለም ካሉት ውሾች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ የመንደር ውሾች ናቸው። ዘራቸውን የጻፈላቸው ክለብ የለም እንጂ ዘርስ አላቸው፤ የማይበጀውን የጣለው ኑሮው ራሱ ነው።

እነዚህን ውሾችና ባለቤቶቻቸውን የሚያሰጋቸው የቆዳ እጥፋት ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ሰውን ከሚይዘውም 99 በመቶ ያህሉ የሚተላለፈው በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ክትባት መጀመር አለበት። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ደግሞ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። በከተሞቻችን ከውጭ ለመጣ ቡችላ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፍሉ ወገኖች አሉ፤ በዚያው ገንዘብ ስንት የመንደር ውሻ ሊከተብ እንደሚችል ቢያሰሉት ደስ ባለኝ። እኛም በዩኒቨርሲቲ ያለን ስለ ሻር ፔይ ዘረ መል ለማስተማር የምንተጋውን ያህል ስለ ቁሐር ሚካኤሉ ውሻ አንተጋም።

ልንሄድ ስንነሣ አዛውንቱ ውሻቸውን በእጃቸው እያመለከቱ፣ «ለዚህኛውስ መርፌ ይዛችኋል?» አሉን። በቦርሳችን ውስጥ የነበረው የናሙና ጠርሙስ ብቻ ነበር።