ጥላሁንም የመንግሥት ደሞዝተኛ ነበር

ጎፋ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ማታ ማታ ምን አለ ብላችሁ ብትጠይቁን መልሳችን አጭር ነው። ዲኤስቲቪ ቤት አለ፣ ፑል ቤት አለ፣ ጀበና ቡና አለ፣ መጠጥ ቤትማ አይጠየቅም። ቴአትር ያማረው ሰው ታክሲ ይዞ ሜክሲኮ፣ ከዚያ በእግሩ ወደ ብሔራዊ ነው። ሀገር ፍቅር ከሆነ ደግሞ ሌላ ታክሲ ጨምሮ ፒያሳ ይወጣል። ቴአትሩ ካለቀ በኋላ የመመለሻው ታክሲ ነገር ራሱን የቻለ ትራጄዲ ነው። ከብሔራዊ፣ ከሀገር ፍቅር፣ ከራስ፣ ከማዘጋጃ ቤትና ከሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር አንዱም ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ የለም።

ይህን ባነሳን ቁጥር የሚሰጠን መልስ ያው ነው፦ «ጥሩ ከሆነ ሰው ከፍሎ ያየዋል፣ ገበያው ይፍረደው። ሕዝቡ ዳቦ ሳይጠግብ ለዘፈንና ለቴአትር በጀት መያዝ ቅንጦት ነው።» ይህ ከትልልቆቹ ቢመጣ አይገርመንም። የሚገርመን ከእኛው እኩዮች፣ ያውም ቀኑን ሙሉ የድሮ ሙዚቃ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ከሚውሉት መምጣቱ ነው።

እስቲ ያንኑ የድሮ ሙዚቃ እንየው። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የሄደ ሰው ነው። ብዙነሽ በቀለ፣ ክቡር ዘበኛ። ማሕሙድ አሕመድ፣ ክቡር ዘበኛ። ዓለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ፣ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎኑን ይዞ ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ)፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ተዘዋውሯል። ወደ ኋላ ከሄድንም ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች እናገኛለን። የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ እነሱ ነበሩ፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቴአትር ቤቱ ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። ይህ ሁሉ በመንግሥት ካዝና ነው። ያኔ ኢትዮጵያ ከዛሬው ሀብታም ነበረች? አልነበረችም።

«አምሃ እሸቴስ? የግል አይደለም ወይ?» ትሉን ይሆናል። ነው፤ ደፋርም ነው። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሬከርድስን ከፈተ። እዚህ ላይ መንግሥት እንቅፋት እንደነበር አንክድም። ግን አምሃ ስቱዲዮ ያስገባቸው ድምፃውያንና ሙዚቀኞች በአብዛኛው በጦር ሠራዊቱ፣ በፖሊስና በቴአትር ቤቶቹ ባንዶች የተገሩ ነበሩ። ለዓመታት ልምምድ የከፈለላቸው ሌላ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮጲክስ» እያለ ለዓለም ያሰማው፣ እኛም «የእኛ ነው» ብለን የምንኮራበት ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው።

የሚከብደን ጥያቄ ሌላ ነው፦ የከፈለ ያዛል። ይህን በቀልድ አናልፈውም። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የመንግሥቱ ኩራዝ ነበር፤ መጽሐፉን ከገበያ ያስወጣውም ያው መንግሥት ነው። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነትም እንዲሁ ሁለት መልክ ነበረው። የየሰፈሩ ልጅ መድረክና የሙዚቃ መሣሪያ አገኘበት፣ በዚያው ልክ መፈክር ዘመረበት። ስለዚህ ገንዘቡ ይምጣ ስንል ካድሬው ተከትሎት ይምጣ ማለታችን አይደለም። እንግሊዞች በ1946 እ.ኤ.አ. የኪነ ጥበብ ምክር ቤት አቋቁመው፣ በጀቱን መንግሥት እንዲሰጥ፣ ለማን ይድረስ የሚለውን ግን ሚኒስትሩ እንዳይወስን አደረጉ። እንከን የለውም አንልም፤ መነሻ ግን ይሆናል። ደግሞስ ስፖንሰር አያዝም እንዴ? በአንድ ድራማ ውስጥ ሳሙናው ስንት ጊዜ እንደሚጠራ እየቆጠርን አይደል የምናየው!

ከተማችን ለባህል አታወጣም ማለትም ግፍ ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ተመርቀዋል። አብርሆት ተቀምጠን የምናነብ አለን፣ ደስ ይለናል። ግን አንዱ አራት ኪሎ፣ አንዱ ፒያሳ ነው። ሁለቱም ደግሞ ሕንፃ ናቸው። ለጥላሁን ትውልድ የተከፈለው በዋናነት ለመምህር፣ ለመሣሪያና ለወር ደሞዝ ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ ቴአትር የሚለማመዱ ልጆች አሉ። ቦታቸው የኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል ነው። ሠርግ ሲኖር ይወጣሉ። ልቅሶ ሲኖር ይወጣሉ። በዓል ሲደርስ ለበጉ ቦታ ይለቃሉ፤ ፋሲካ ሰሞን ልምምድ የሚባል ነገር የለም። «የወጣት ማዕከል» የሚል ታፔላ ያለው አዳራሽ ጠፍቶ አይደለም፤ እኛ የምናውቀው ግን የሚከፈተው ስብሰባ ሲጠራ ነው። እሱ ከ11 ሰዓት በኋላ ክፍት ቢሆን፣ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወይም ከዩኒቨርሲቲው የቴአትር ክፍል የተመረቀ አንድ ሰው በደሞዝ ቢመደብበት፣ ብሔራዊም በዓመት ለጥቂት ቀናት መድረኩን ይዞ ጎፋ ቢመጣ፣ አንድ አዲስ ፎቅ ከመሥራት ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ነዋሪ ለውይይት ሲጠራ ስለ ውሃ፣ ስለ ኮብልስቶንና ስለ ቆሻሻ ገንዳ እጅ ይወጣል፤ ስለ አዳራሹ ቁልፍ ሲወጣ ግን አላየንም። በሚቀጥለው ስብሰባ እኛ እናወጣለን፣ ከኮሚናል የሚባረሩትንም ልጆች ይዘን እንሄዳለን።